«አይነካ» የተባለው መስመር

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... አልሰማሁም፣ ትንሽ ቆዪ...

— ወንድሜ፣ ቶንዶዙን አንዴ አጥፋልኝ። ጆሮዬ ሥር እየጮኸ ስልኩ አይሰማኝም... አዎ፣ ግማሹ ይቆይ፣ የትም አይሄድብህም።

— እሺ፣ አሁን ተናገሪ... ቲቸር? አንቺ ነሽ እንዴ? በማን ስልክ ነው የደወልሽው?... የእንግዳ መቀበያዋ። ያንቺስ?... ባትሪው አልቆ። ራውተር ሲጠፋ የሚሮጥ ሰው የገዛ ስልኩን ይረሳል... እኔማ ፀጉር ቤት ነኝ። እረፍት ላይ አይደለሁ? ሦስተኛ ቀኔ ነው። ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጧል፣ ግማሹ ወረፋ ይጠብቃል።

— የለም የለም፣ አልረበሽሽኝም... ምነው ድምፅሽ? አልቅሰሻል እንዴ?... ጉንፋን? የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደርሰሽ ስትመለሺ የሚይዝሽ ጉንፋን ነው? ንገሪኝ እንጂ።

— እ... እ... ቆይ፣ ቆይ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ራጆቹ ካላለፉ ምን?... ደብዳቤ? የምን ደብዳቤ?... «የሙከራ ጊዜዎን በአጥጋቢ ሁኔታ ስላላጠናቀቁ»... ጽፈው ጨርሰውታል?... ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው... አንቺ በምን አወቅሽ?... ተዘቅዝቆ አነበብሽው። እሱስ አያቅትሽም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የተማሪ ወረቀት ከፊት ለፊት ቆመሽ ስታነቢ ኖረሻል።

— እሺ፣ አይዞሽ። ገና ረፋድ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ፣ እኔ ምንም እንደማያውቅ ሰው ነኝ... አዎ... ከክሊኒኩ ጋር የሚያገናኘን የኪራይ መስመር ውል ባለፈው ሳምንት አለቀ... አንቺ በተራው ኢንተርኔት ላይ ተነል ሠራሽ፣ ለእኛ ብቻ የተሸፈነ መንገድ፣ ከዋናው ሆስፒታል እስከ ክሊኒኩ... ጎበዝ... ቀጠሮ መመዝገቢያው ይሠራል። የታካሚ ስም ሲፈለግ ይመጣል። «አለህ?» ብሎ የሚሞክረው ፒንግ ያልፋል፣ አንድም አይጠፋም... ራጅ ሲላክ ግን?... ይጀምርና ይቆማል። እንደዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

— እና እስካሁን ራጁን በምን ነው የምታስመጡት?... በሞተር ሳይክል። ሲዲ ላይ ገልብጣችሁ፣ በሞተር ሳይክል... ማን ነው የሚነዳው?... ባለሞተሩ፣ እሺ። የላብራቶሪው ሰውዬ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ሲዲውን ታቅፎ ይመጣል... ሲዲ እኮ በኪስ ይያዛል፣ ቲቸር... ሰባራ አጥንት ያለበት ሲዲ አይታጠፍም አለ? እሱ ሰውዬ መቼም።

— ሳቅሽ። እንደሱ ነው።

— ሥራ አስኪያጁ ምን አሉ በይ?... «አንቺ ሳትመጪ ይሠራ ነበር»... እ... እኔንማ ጠይቀውኛል፣ አዎ። ከትናንት በስቲያ ደውለውልኝ ነበር... ምን አልኳቸው? አሁን እሱን ተይው፣ ወደ ሥራችን እንግባ። ላፕቶፑ ፊትሽ ነው?

— ምን አሉ አባባ?... አይ፣ የኔ ሰው አልታመመም። የታመሙስ አሉ፣ ራጃቸው ነው መንገድ ላይ የቀረው... እንዴት ልንገርዎት። እቃ በካርቶን ይላካል አይደል? በሩ የሚያሳልፈው የካርቶን ልክ አለው፣ ከዚያ የተረፈ አይገባም። ይቺ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ መንገደኛ ሁሉ እንዳያየው ብላ ካርቶኑን ሌላ ካርቶን ውስጥ ትከተዋለች... ልክ ነዎት፣ ይወፍራል። ትንሿ ካርቶን ብትወፍርም ታልፋለች፣ ሙሉው ግን በሩ ላይ ይቀራል... ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። እርስዎ በአንድ ደቂቃ የገባዎት ለአለቃችን ሳምንት አልበቃቸውም።

— ሄሎ፣ ቲቸር፣ ትሰሚኛለሽ?... ተራ ከሚጠብቁ አባት ጋር ነበርኩ። በርቺ ብለውሻል... እሺ፣ አሁን ፒንግ ላኪ፣ ግን ከራውተሩ ላይ አይደለም። ከክሊኒኩ የራጅ ኮምፒዩተር፣ በርቀት ገብተሽ... ቀላሏን አይደለም፣ ከባዷን። መጠኗን አንቺ ወስኚ፣ «እንዳትቆራረጥ» የምትለዋንም ምልክት አድርጊባት። በሺህ አራት መቶ ሰባ ሁለት ጀምሪ... አላለፈም። ምን ብሎ መለሰ?... ምንም? ዝም?... እሺ ቀንሺ፣ ሺህ አራት መቶ... እሱም ዝም። ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት በይ... አለፈ? ሰባ ሦስትስ?... ቀረ።

— አየሽ? በአንዲት ባይት። ሰባ ሁለት ይግባ፣ ሰባ ሦስት ውጭ ይቁም... አዎ፣ የፒንግ ራስጌ፣ አድራሻው የሚጻፍበት፣ ሃያ ስምንት ነው፣ ደምሪበት... ሺህ አራት መቶ። ሒሳቡን ላንቺ አላስተምርም። ተነሉ ላይ በሺህ አራት መቶ ገድበሻል ማለት ነው?... በሁለቱም ጫፍ? ክሊኒኩ ጋም?... ታዲያ ምን አጠፋሽ? ልክ ነው ያደረግሽው። ብዙ ሰው አንዱን ጫፍ አስተካክሎ ሌላውን ይረሳል፣ አንቺ እሱንም አልረሳሽም።

— እኔን ግን ምን እንደገረመኝ ታውቂያለሽ? ዝምታው። ራውተር እኮ በሩ ላይ ያስቀረውን ዝም ብሎ አይጥልም፤ «ይሄ አላለፈም፣ ወደ ሺህ አራት መቶ አሳንሰህ ላክ» ብሎ ለላኪው መልእክት ይመልሳል። ላኪው ይሰማና ራሱ ያሳንሳል። ሰው ሳያውቀው፣ በአንድ ጊዜ ይስማማሉ... አዎ። ያንቺ ላኪ ግን ማንም አልነገረውም፣ የወፈረውን እየደጋገመ ይልካል። መልእክቱን መሀል ላይ የሚውጠው ነገር አለ። ፋየርዎሉን፣ ያንን የኔትወርኩን ዘበኛ፣ ክፈቺና ደንቦቹን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።

— እ... እሱ ደህና ነው... ቀጥዪ... እሱም የኢሜይሉ ነው፣ እለፊው... እ?

— ድገሚልኝ። «ፒንግ ብቻ ይለፍ፣ ሌላው የስህተት መልእክት በሙሉ ይታገድ።»... ከጎኑ ማስታወሻ አለው አልሽኝ?... እሱንም አንብቢልኝ። «የበላይ ትእዛዝ። አይነካ።»... ቀኑስ?... ስድስት ዓመት ሆኖታል... የጻፈው ሰው ስም የለውም... አውቃለሁ፣ እኛ ጋ አንዲት መስመር የነካ ሁሉ ስሙን ይጽፋል። ይሄ ብቻ ስም የለውም... ሰኞ ዕለት አይተሽው ነበር? ታዲያ ለምን... «የበላይ ትእዛዝ ነው ብዬ ፈራሁ»።

— ማንን ጠየቅሽ?... ሁሉንም። እና?... አንዱ ሚኒስቴር ነው ያዘዘው አለሽ፣ አንዱ የቦርዱ ሰብሳቢ ናቸው አለሽ... መዝገብ ቤቷስ?... «ጉዳዩ ከባድ ነው፣ አትጠይቂ»። እሷ ደግሞ ፋየርዎል ምን እንደሆነ ሳታውቅ።

— ወንድሜ፣ ትንሽ ውሃ ይኖርሃል?... አይ፣ ለፀጉሬ አይደለም፣ ልጠጣው ነው።

— እሺ ቲቸር፣ እሱን አሁን አንነካውም። ሌላ መንገድ አለ... ተነሉ ላይ አንዲት መስመር ትጨምሪያለሽ። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ገና ሰላም ሲባባሉ ራውተሩ መሀል ይገባና «ከሺህ ሦስት መቶ ስድሳ በላይ አትላላኩ» ይላቸዋል። ከሺህ አራት መቶው ላይ አርባውን ለራስጌዎቹ ቀንሰን ነው... አዎ፣ ኤም ኤስ ኤስ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወፍር አይኖርም፣ የሚመለስ መልእክትም አያስፈልግም።

— ከመንካትሽ በፊት ግን የክሊኒኩን ራውተር «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራስህን አጥፍተህ ተነሳ» በዪው። ብንሳሳትና ቢዘጋብን ተነስቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል... አንቺ የላብራቶሪው ሰውዬ ራውተሩንም በሞተር ታቅፎት እንዲመጣ ትፈልጊያለሽ? አዎ፣ አስቀድመሽ እዘዢው... ታዘዘ? እሺ። አሁን ተነሉ ላይ ግቢ። ዋናው በር ላይ አይደለም፣ ተነሉ ላይ... ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ... እዚያ ዋናው ሆስፒታልም ያንኑ... ጨረስሽ? ለክሊኒኩ ራጅ ክፍል ደውዪና አንድ ይላኩ። በውስጥ መስመር ደውዪ፣ ይቺን አትዝጊብኝ። እጠብቃለሁ።

— አባባ፣ ልጆች አሉዎት?... ሰባት? ይባርክልዎት... ልጅ ሳሉ ሰሃን ሲሰብሩ፣ ማን ሰበረው ሲሏቸው ምን ይሉ ነበር?... ድመቷ። ሰባቱም?... እኛ ቢሮ ድመት የለንም... የለም፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

— አይ ወንድሜ፣ አሁን አትቁረጥ። ጭንቅላቴን ማርጋት አልቻልኩም፣ ጆሮዬን ትወስደዋለህ።

— ሄሎ... እህ? እየመጣ ነው?... ሠላሳ በመቶ... ቀጥሏል?... ስድሳ። ንገሪኝ እንጂ፣ ዝም አትበይ... ሙሉ? ሙሉ በሙሉ?... ምን ይታይሻል?... ክርን። ባለቤቱን እግዜር ይማረውና ቆንጆ ክርን ነው... ሌላ ይላኩ። ትልቁን፣ ደረት... መጣ? በስንት ሴኮንድ?... አራት። በሉ ያንን ሰውዬ ከሞተር ላይ አውርዱት።

— የክሊኒኩን ራውተር ራስህን አጥፋ ብለነው ነበር፣ ትእዛዙን ሰርዢ... ሰረዝሽ? ሁለቱንም ሴቭ አድርጊ... አታመስግኚኝ... ቲቸር፣ አታመስግኚኝ አልኩ እኮ... ሂጂና ለሥራ አስኪያጁ ንገሪያቸው፣ ደብዳቤው... እ? መጡ? እዚያው አጠገብሽ ናቸው?... ምን ይላሉ?... «ይህችን አንድ መስመር መጀመሪያውኑ ለምን አልጨመረችም»... «እንግዲያው ጥፋቱ የራሷ ነው ማለት ነው»... አሁንም እፈርማለሁ አሉ?

— ወደ ጥግ ፈቀቅ በይ እስቲ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ... የሙከራ ጊዜሽ የሚያልቀው መቼ ነው?... ዓርብ... ልጆቹስ ደህና ናቸው?... ትልቋ ዘንድሮ ትጨርሳለች፣ አዎ፣ ነግረሽኛል። ወደ ትምህርት ቤቱ ብትመለሺስ... በቦታሽ ሰው ተቀጥሯል... አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ቲቸር። በአርባ አምስት ዓመትሽ ከልጅሽ እኩዮች ጋር ክፍል ተቀምጠሽ ነው ይህን ሙያ የተማርሽው፣ ማታ ማታ። እኔ አልረሳሁትም።

— አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እስክጨርስ አታቋርጪኝ። «የበላይ ትእዛዝ፣ አይነካ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

— አለሽ?... እኔ... የለም፣ ማንም አላዘዘኝም። ሚኒስቴርም የለ፣ ቦርድም የለ፣ በላይ ማንም የለም። እኔ ብቻ ነበርኩ... ያን ጊዜ ቫይረስ ገባ ተብሎ ቤቱ ሁሉ ተሸብሮ ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው፤ ቁልፉን ሰጡኝና ዝጋ አሉኝ፣ የቱን እንደምዘጋ ግን የነገረኝ የለም። የማላውቀውን ሁሉ ዘጋሁት። ፒንግን ስለማውቃት እሷን ተውኳት... ከዚያ ደግሞ አንዱ አዋቂ መጥቶ «ይሄን የዘጋ ደንቆሮ ማነው» እንዳይለኝ ፈራሁ። ስሜን አጥፍቼ ያንን ጻፍኩ... አዎ፣ በቃ፣ ይኸው ነው። በኪራይ መስመሩ ጊዜ የሚወፍር ነገር ስላልነበረ ስድስት ዓመት አልታወቀም። እኔም ረስቼው ነበር፣ እውነቴን ነው። ዛሬ ስታነቢው ነው ትዝ ያለኝ።

— አልጨረስኩም። እኔ ያንን ባልዘጋ ኖሮ ኮምፒዩተሮቹ ራሳቸው ይስማሙ ነበር። አንቺ ምንም መጨመር አይጠበቅብሽም ነበር፣ ሥራሽ ሙሉ ነበር። ከትናንት በስቲያ ደግሞ እሳቸው ሲደውሉልኝ... «ምናልባት አዲሷ የነካካችው ነገር ይኖራል» አልኳቸው። ሳላጣራ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ብርቱካን እየላጥኩ... ተናደጂብኝ፣ ሐቅሽ ነው... ተናገሪኝ እንጂ።

— ምን?... ማን ነገረሽ?... አዎ፣ ከእረፍት ስመለስ የክፍል ኃላፊ ትሆናለህ ብለውኛል... «አሁን ከተናገርክ ይቀርብሃል»... እሱማ ይቀርብኛል። ያሳዝነኛልም፣ ደስ ብሎኝ ነው አልልሽም፤ ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ። ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በየጠዋቱ ያንቺን ባዶ ጠረጴዛ ሳይ የምውል ከሆነ ምን ዋጋ አለው። ስልኩን ስጪያቸው... ቲቸር፣ ስጪያቸው። ካልሰጠሽኝ እዚያው እመጣለሁ፣ በዚህ በግማሽ ፀጉሬ። ሆስፒታል ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ድንገተኛ ነው የሚወስዱኝ... ስጪያቸው።

— ሄሎ፣ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ... እረፍቱ ደህና ነው፣ ይመስገን... አዎ፣ ራጁ አለፈ... አይደለም፣ እሱን ልነግርዎት ነው። ጥፋቱ የሷ አይደለም። የኔ ነው... የለም፣ እሷን ለማዳን ብዬ አይደለም፣ ይስሙኝ። ፋየርዎሉ ላይ ስድስት ዓመት የቆየ አንድ እገዳ አለ። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። እሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ... አዎ፣ ያ «የበላይ ትእዛዝ» የሚለው... እርስዎም ያውቁታል?

— ምን አሉኝ?... ኦዲተሮቹ ስለ መስመሩ ሲጠይቁዎት?... «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ብለው?... ፈርመውበታል?

— ጋሼ፣ እርስዎ እኮ አላዘዙም... አውቃለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው... ገባኝ። የበላይ እርስዎ ስለሆኑ የርስዎ ትእዛዝ ይሆናል ብለው አሰቡ። ስለረሱት እንዳያፍሩም እሺ ብለው ፈረሙ... አይ፣ እኔ አልሳቅኩም። ፀጉር አስተካካዩ ነው... እርስዎን አላወቀም ጋሼ፣ እንዲያው ሳቂታ ሰው ነው።

— በመካከላችን ይቅር?... አይሆንም። የርስዎን ፊርማ እኔ አላነሳም፣ እሱ የርስዎ ጉዳይ ነው። የራሴን ግን ዛሬውኑ ለክፍሉ ሁሉ እጽፋለሁ። ያ መስመር ይነሳል፤ ማን እንዳስገባው፣ ለምን እንዳስገባው ከነስሜ ይጻፋል። ሌላ ሰው በኔ ፍርሃት መከሰስ የለበትም... የክፍል ኃላፊነቱ... እሺ... እንዳሉ። አልከራከርዎትም... ይቆጨኛል ጋሼ፣ ምን ልዋሽዎት፣ ግን አልከራከርም።

— የሷስ ደብዳቤ?... «ይታሰብበታል» አይበሉኝ። ምኑ ነው የሚታሰበው? ሥራዋን ሠርታለች፣ ራጁን ዓይንዎ እያየ አስገብታለች፣ ያልሠራችው ጥፋት የኔ ሆኖ ተገኝቷል... እጅዎ ላይ ነው? አሁን?... እሷም እዚያው ናት?... እንግዲያው እፊቷ ይቅደዱት... በኋላ አይሆንም ጋሼ። እርስዎ በኋላ ያሉትን እኔ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ... እሺ ይበሉኝ... እግዜር ይስጥልኝ። ስልኩን ወረቀቱ አጠገብ ያድርጉልኝ... ትንሽ ቀረብ...

— ...

— ሰማሁ... የቀረውንም ደግመው ይቅደዱት... ሰማሁ። እሷ ናት የምታለቅሰው?... አይ፣ ስልኩን አይስጧት፣ ይተዋት። ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ።